የውሻይቱን ስም ይጻፉልኝ

መካነ ሰላም
ኅዳር 5 ቀን 1994 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለእህቴ ልጅ ለፈይዛ፤ እንቅልፍ የማይነካው ጌታ በሰው አገር ይጠብቅሽ። እኔ አጎትሽ ሷሊህ ደህና ነኝ። ሚስቴ ሺፋም ደህና ናት፤ ወገቤን ትላለች እንጂ። ቁርኣን የሚቀሩት ልጆች እየጮኹ ጆሮዬን ሊያደነቁሩት ነው። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጽሑፌን እንደምንም ታገሺው። አማርኛ መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ወደ ዐረብኛው አድልቷል።

ከላላ ሰንብቼ መመለሴ ነው። እናትሽን እቴቴን አየኋት። ብዙ ሰው ከቧት ነበር። ፊቷ ብርሃን ነበር። ያ ስንት ዓመት ያሰቃያት የጉልበት ሕመም አሁን የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ የምትልኪውን ቅባት ከእንግዲህ አትላኪ፣ አያስፈልጋትም። ዱዓሽን ግን አታቋርጪ። ዱዓ ይደርሳታል።

አሁን ወደተነሳሁበት ልምጣ። የምጽፍልሽ ስለ ውሻ ነው። አትሳቂ።

ከከላላ ስመለስ ከበቅሎዬ ኋላ አንዲት ውሻ አስሬ መጣሁ። ባለቤት የላትም። የተዘጋ ቤት ደጃፍ ላይ ተኝታ አገኘኋት፤ አላፊ አግዳሚው ድንጋይ ይወረውርባታል። ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይመቱ ይባላል፤ ባለቤት የሌላትንማ ማንም ይመታታል። አንጀቴ አልችል አለና አመጣኋት። ቀይ ናት፣ የፊት አንድ እግሯ ነጭ።

ችግሩ ቤት ስደርስ ተጀመረ። ነባሩን ውሻዬን ምናገባህን ታውቂዋለሽ፣ አርጅቷል እንጂ አለ። ተወኝ የምንላት ልጁም አለች። ያኔ ጎረቤቴ ቢሻው በአጥሩ ነገር እዚህም እዚያም ሲያማኝ ጊዜ እኔ ውሻዬን ምናገባህ አልኩት፤ እሱ ደግሞ ለመልሱ የራሱን ውሻ እናያለን አለው። ይኸው ዘጠኝ ዓመታችን። በየማታው እኔ ከዚህ «ምናገባህ!» እሱ ከዚያ «እናያለን!» እያልን እንጣራለን። ፊት ለፊት ግን አንድ ቀን ክፉ ተነጋግረን አናውቅም፤ ባለፈው እንኳ በሬውን አውሶኛል።

ታዲያ እነዚህ ሁለቱ አዲሲቱን ገና በሩን ስታልፍ ሊዘነጥሏት ደረሱ። እኔም ጥምጣሜ ወድቆ መሀላቸው ገባሁ። አሁን ጎተራው ሥር ገብታ አልወጣ ብላለች። ስሟን እንግዳ ብያታለሁ፤ ስጠራት ግን ዞር ብላም አታየኝ። ሰዉ ደግሞ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሐጅ ጀብሪል መስጊድ በር ላይ አስቁመውኝ «ሸኽ፣ ሁለቱ ለከብትና ለበር ነው እንበል። ሦስተኛዋ ለምንድን ናት? ውሻ ማርባት ጀመሩ እንዴ?» አሉኝ። 

አንቺ ያለሽበት ቤት ማዳሚቱ ሁለት ውሻ ላይ ሌላ ከመንገድ አንስታ አመጣች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እንዴት አስማማችኋቸው? ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ከአጎትሽ ሷሊህ

*

ቤይሩት
ጥር 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሸኽ ሷሊህ፤ የላኩት ሰላምታ ደርሶኛል፣ የእኔም ይድረስዎ። ዱዓዎ አይለየኝ። ለእትዬ ሺፋ ወገባቸውን አላህ ይማርልኝ። ረመዳንም ዒዱም እንዴት አለፈ? እኔ ጾሜን ጾሜአለሁ። ዒድ የዋለው እሑድ ነበር፤ ማዳም እንግዳ ስለነበረባት ሳህን ሳጥብ ዋልኩ።

የእቴቴ ጉልበት መዳኑን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ ጻፍኩ እንጂ እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህ ደስታም ሐዘንም ወደ ውስጥ አይገባልኝም። አራት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት እነሳለሁ፣ ውሾቹን አወጣለሁ፣ አስገባለሁ፣ እተኛለሁ።

ስለ ውሻይቱ። ማዳም ያመጣችው ውሻ አንገቱ በገመድ የተላጠ ነበር። ሁለቱ የቤት ውሾች መጀመሪያ ቀን ደሙን አወጡት። ከዚያ ውሻ የሚያሠለጥን አንድ አርመን ሰውዬ መጣ። ማዳም ስለማትሰማው የሚያስተምረው እኔን ነበር። ያለኝን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

አዲሱን በበር አታስገቡ አለ። በር የነባሮቹ ነው። የማንም ባልሆነ ቦታ፣ ሜዳ ላይ፣ ሁሉንም አውጥታችሁ አገናኟቸው። ፊት ለፊት አይተያዩ፤ ጎን ለጎን ብዙ ይሂዱ። ከዚያ አብረው በእግራቸው ወደ ቤት ይግቡ። ሲበሉ ለየብቻ ይብሉ። ሲጣሉ አትፍረዱ። አዲሱ ካልፈለገ አትንኩት፣ አትጥሩት፣ አታባብሉት። ሦስት ቀን የት እንዳለ አያውቅም፣ ሦስት ሳምንት ይለምዳል፣ ሦስት ወር ሲሞላው ቤቴ ይላል አለ። እውነቱን ነው። አሁን ከትልቁ ውሻ ጋር አብረው ይተኛሉ።

እኔ ደግሞ ሳህኔን ለብቻው አስቀምጣለሁ። አንዳንዴ ግን አዲሱ ውሻ ይልሰዋል። እርስዎ እንዳስተማሩን ሰባት ጊዜ አጥበዋለሁ፣ አንዱን በአፈር። አምስተኛ ፎቅ ላይ አፈር የለም፤ በረንዳ ላይ ካለው የማዳም የአበባ ማሰሮ እየቆነጠርኩ ነው። በቀደም «ይሄ አፈር ለምን ይጎድላል?» አለችኝ። ሳህኑን ማጠብ ቀጠልኩ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። ውሌ የፊታችን መስከረም ያልቃል። ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ ብላ ወረቀቱን ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኛለች። ልፈርም ልተወው አላውቅም። የምፈልገውን ስፈልገው አጣሁት። እቴቴን ጠይቀው አንድ ቃል ያምጡልኝ። ነይ ካለችኝ እመጣለሁ። ቆዪ ካለችኝ እፈርማለሁ። ረጅም አልፈልግም፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። የእርስዎን ቃል አምናለሁ፤ እቴቴ «ሷሊህ ለቀበሌ እንኳ አይዋሽም» ትለኝ ነበር።

ልጅዎ ፈይዛ

*

መካነ ሰላም
የካቲት 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

በአላህ ስም፤ ለእህቴ ልጅ ለፈይዛ። የዐረፋው በረካ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ አርደናል፣ በልተናል፣ ለክርስቲያኑም ጎረቤት የድርሻውን ሰጥተናል።

ያ አርመን ሰውዬሽ ዐዋቂ ነው። እንዳለው አደረግሁ። እኔ፣ የቁርኣን መምህሩ ሸኽ ሷሊህ፣ ሦስት ውሻ በሦስት ገመድ ይዤ ኳስ ሜዳውን ስዞር የመካነ ሰላም ሰው ሥራ ፈቶ ወጣ። ቢሻው አጥሩ ላይ ተደግፎ «ሸኽ፣ አደን ነው?» አለኝ። «ምናገባህ!» አልኩት። ውሻዬን እየጠራሁ ነዋ! በሳቅ ፈረሰ። ሐጅ ጀብሪል ብቻ አልሳቁም። እሳቸው የውሻይቱን ነገር ያውቃሉ፤ ነግሬያቸው አንገታቸውን ደፍተው ሄደዋል፣ ከዚያ ወዲህ ሦስተኛዋ ለምንድን ናት ብለው አልጠየቁኝም።

አንድ ሳምንት እንዲህ አዞርኳቸው። ማሻአላህ፣ ጎን ለጎን መሄድ ለመዱ። ተወኝማ ጭራ መቁላት ጀምራ ነበር። ዐረፋ ግን አበላሸብኝ። ሺፋ ሳታስበው አጥንቱን በአንድ ላይ በተነችላቸው፤ ምናገባህ ያረጀ ጥርሱን ሰብስቦ የእንግዳን ጆሮ ቀደደው። ያው ለየብቻ ይብሉ ብለሽኝ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የሽማግሌው ውሻ አይደለም።

ከዚያ ጠፋች። በማግስቱ በቅሎ ጭኜ ከላላ ድረስ ሄድኩ። እዚያው የተዘጋው በር ላይ ተኝታለች። ጎረቤቲቱ ፈንታዬ ምግብ ሰጥታት አልነካችውም። አስሬ መለስኳት። ሁለተኛም ሄደች፤ ሁለተኛም መለስኳት። አሁን ጎተራው ሥር ናት። አትጮኽም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እሷ አትበላም፣ አትጮኽም። እንግዳ ብላት፣ ነይ ብላት፣ ብላት፣ ብላት፣ ጆሮዋ አይቆምም።

ስለ እቴቴ ቃል ስለጠየቅሽኝ። ደብዳቤሽን ይዤ ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ዝም አለች። ብዙ ቆየሁ። ዝም አለች።

ወረቀቱን ለመፈረም አትቸኩዪ። መስከረም ገና ነው።

አጎትሽ

*

ቤይሩት
መጋቢት 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤ ለእናንተ ለሁላችሁም ሰላም ከአላህ ይውረድ።

ዝም አለች ማለት ምን ማለት ነው? እቴቴ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ገበያ ውላ ስትመጣ የሽንኩርቱን ዋጋ ብቻ ተናግራ ለመጨረስ እስከ መግሪብ ሶላት ይፈጅባት ነበር። ተቆጥታ ነው? አራት ዓመት ስለቆየሁ ነው? ከተቆጣች ትቆጣ፣ ግን ቁጣዋን ይጻፉልኝ።

ማዳም ስልክ ፈቅዳልኛለች፣ አንድ ጊዜ። ሚያዝያ 19 ቀን ቅዳሜ ጠዋት መካነ ሰላም ስልክ ቤት እደውላለሁ። እባክዎን በበቅሎ ጭነው ያምጡልኝ። ጉልበቷ ከተሻላት መንገዱን ትችለዋለች። ድምፅዋን ብቻ ልስማ። እፈርማለሁ አልፈርምም የሚለውን እዚያው እንቆርጠዋለን።

ስለ ውሻይቱ አርመኑን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠየቅሁት። በማን ስም ነው የምትጠሯት አለኝ። አዲስ ስም ሰጥተዋታል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ትልቅ ውሻ ስሙን ካልሰማ ቤት የገባ አይመስለውም አለ። ባለቤቷ በምን ይጠራት እንደነበር ጠይቀው በዚያው ይጥሯት። ጎረቤቶቹ ያውቃሉ።

ፈይዛ

*

መካነ ሰላም
ግንቦት 30 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለፈይዛ፤ ሰላም ላንቺ ይሁን።

በተባለው ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ቤት ሄጄ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። ጥግ ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ስልኩ ጮኸ። «ከቤይሩት ለሸኽ ሷሊህ ቤተሰብ» ብለው ተጣሩ። ሁለት ጊዜ ተጣሩ። ተነስቼ ወጣሁ።

እቴቴን ማምጣት አልቻልኩም። አውፍ በይኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ውሻይቱ አለች። ከስታለች። ስሟን ማን እንደሚሏት ዐውቃለሁ፣ ከመጀመሪያውም ዐውቀዋለሁ፤ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

አጎትሽ ሷሊህ

*

ቤይሩት
ሐምሌ 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሸኽ ሷሊህ፤ እንደምን ሰነበቱ።

ያን ዕለት ስልኩን ሃያ ደቂቃ ያህል ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ። ማዳም መጥታ ከእጄ ወስዳ ዘጋችው። አልከፋኝም። እኔ አሁን የሚከፋኝ ነገር የለም።

ማታ ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኳቸው። ብዙ ሰው ከቧት ነበር ይላል። ፊቷ ብርሃን ነበር ይላል። ሕመሙ አሁን የለም ይላል። ዱዓ ይደርሳታል ይላል። አጠገቧ ተቀምጬ አነበብኩላት፣ ዝም አለች ይላል። አንድም ውሸት የለበትም።

አንብቤ ስጨርስ ማልቀስ ነበረብኝ። ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ሳህኔን አንስቼ አጠብኩት። ማንም አልላሰውም ነበር። ሰባት ጊዜ አጠብኩት፣ አንዱን በአፈር።

ስለ እቴቴ ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም። አላስጨንቅዎትም። የምጠይቀው ስለ ውሻይቱ ነው። የተዘጋው ቤት የማን ነው? ፈንታዬ የማን ጎረቤት እንደሆነች ረስቼው አይደለም። ለሐጅ ጀብሪል የነገሩትን ለእኔም ይንገሩኝ።

አዲስ ነገር እንዲጽፉልኝ አልፈልግም። የውሻይቱን ስም ይጻፉልኝ። እሱን ከጻፉልኝ የቀረውን እንደጻፉት እቆጥረዋለሁ።

ፈይዛ

*

መካነ ሰላም
ነሐሴ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ከአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን።

ፈይዛ፣ የእህቴ ልጅ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ውሸት አልጻፍኩልሽም፤ እውነትም አልጻፍኩልሽም። የቱ እንደሚብስ ኪታቡን ሳገላብጥ ከረምኩ።

እናትሽ ጥቅምት 23 ቀን ዓርብ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ አኼራ ሄደች። ሳል ነበር፣ ሦስት ቀን ብቻ። እኔ በሁለተኛው ቀን ደርሼባታለሁ፤ ሸሃዳዋን አብሬያት ብያለሁ። ገላዋን ፈንታዬና ሴቶቹ አጠቡ። ሲሸፍኗት ፊቷን አየሁት፤ ብርሃን ነበር ያልኩሽ ያኔ ነው። ዱዓው ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሐጅ ጀብሪል «መርዶ በወረቀት አይነገርም። ልጅቱ በባዕድ ቤት ናት፣ ከጎኗ የሚያለቅስላት የለም። ስትመጣ በጠዋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራታል» አሉ። ልክ ናቸው ብዬ ተስማማሁ። አንቺ እዚያ የአበባ አፈር እየቆነጠርሽ ብቻሽን ስታነቢው ታየኝና እጄ ተሳሰረ። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፣ ፈይዛ። በውሻ ተከልዬ ዘጠኝ ወር ከረምኩ።

አሁን ስለ ውሻይቱ።

አንቺ ከሄድሽ በሁለተኛው ዓመት ከላላ ላይ አንዳንድ አፈ ሰፊ ሴቶች «ዓረብ አገር የገባ ልጅ አይመለስም፤ እቴቴ እርሟን ታውጣ» ማለት ጀመሩ። ውኃ ስትቀዳም ገበያ ስትወጣም ትሰማዋለች። መልስ አልሰጠቻቸውም። ከፈንታዬ አንዲት ቡችላ ለመነች። ስሟን ትመጣለች አለቻት።

ከዚያ በየማታው ደጇ ላይ ቆማ፣ ያን ድምፅዋን ታውቂዋለሽ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ «ትመጣለች! ትመጣለች!» እያለች ትጣራለች። ውሻይቱ ብትመጣም አታቆምም። አጠገቧ ተቀምጣ ጭራዋን እየቆላች እንኳ ሌላ ሦስት ጊዜ ትደግምላቸዋለች። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ለእኔ ግን «ስሟን ለፈይዛ እንዳትጽፍባት፤ ልጄ እሷን የምጠራት መስሏት ትጨነቃለች» ብላ አስምላኛለች። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ፤ ሦስት ቀን እጾማለሁ።

አንድ ቃል ያምጡልኝ ብለሽኝ ነበር። ነይ ወይም ቆዪ። ሁለቱንም ብላ አታውቅም። የነበራት ቃል ይህ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት፣ ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር፣ ደጅ ወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ አፈርኩ። «ትመጣለች!» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደግሜ «ትመጣለች!» አልኩ። ጎተራው ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ወጣች። ጆሮዋ፣ ያ የተቀደደው ሳይቀር፣ ቆሟል። በምናገባህ በኩል አልፋ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ሽማግሌው ውሻ ቀና ብሎ አያትና መልሶ ተኛ። ሺፋ ገንፎ አመጣችላት፣ በላች። እኔ እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቢሻው አጥሩ ጋ ቆሞ ሰምቷል። ውሻውን የሚጠራበት ሰዓት ነው። እኔ ትመጣለች ብዬ፣ እሱ እናያለን ሊል ነው። ጠበቅሁት። ዝም ብሎ ሄዶ ውሻውን በጆሮው ይዞ አስገባው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ማታ አልተጣራም፤ በፉጨት ነው የሚያስገባው። አላህ ይስጠው፣ ደግ ሰው ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቸግሮኛልና ቁርጡን ንገሪኝ። ብትፈርሚ አልቀየምሽም። እናትሽም አትቀየምሽም። የምትመጪበት ቤት ተዘግቷል፣ ዐውቃለሁ። ግን እኔ እንደማልዋሽ ታውቂያለሽ። በየማታው ደጅ ቆሜ ለአገሩ ሁሉ ውሸት መጮኽ አልችልም። የማትመጪ ከሆነ ጻፊልኝ፤ እንደምንም ብዬ ሌላ ስም አለምዳታለሁ።

ሺፋ ስምሽን እየጠራች ታለቅሳለች። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።

አጎትሽ ሷሊህ

*

ቤይሩት
መስከረም 7 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሸኽ ሷሊህና ለእትዬ ሺፋ፤ አላህ እናንተን ያቆይልኝ።

መርዶዬ ደርሶኛል። ማእድ ቤት ቆሜ አነበብኩት። ማዳም ፊቴን አይታ «ምን ሆነሽ?» አለችኝ። በዐረብኛ ምን እንደምላት ጠፋኝና «አገር ቤት ያለች ውሻ በላች» አልኳት። «እና ታዲያ?» አለችኝ። ውሾቹን አውጥቼ ባሕሩ ዳር ወሰድኳቸው። ሦስቱም ጎን ለጎን ሄዱ። እኔም ሄድኩ። አላለቀስኩም። አሁንም አላለቀስኩም። እቴቴ ብታየኝ ታፍርብኛለች። ለቅሶው እዚያ እስክደርስ የሚቆየኝ ይመስለኛል።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። የውሻይቱን ስም አይቀይሩት።

በሚመጣው ወር መጨረሻ ነው የምመጣው። አዲስ አበባ አድሬ ደሴ እገባለሁ፣ ከዚያ ቀኑን ሹፌሮቹ ይወስኑታል። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ይጠብቁኝ። ቤት አይጠብቁኝ። ሰው አይሰብስቡ፣ ለቅሶም አይጀመር፤ ሐጅ ጀብሪልን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ኳስ ሜዳው ጋ ወጥተው ይጠብቁኝ፣ ሦስቱንም ይዘዋቸው ይምጡ። ብዙ አታናግሩኝ፣ አታባብሉኝ። ጎን ለጎን ትንሽ እንዙር፤ ከዚያ አብረን በእግራችን እንገባለን። ሦስት ቀን የት እንዳለሁ ባላውቅ አይፍረዱብኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ከላላ ይወስዱኛል፣ በሩን እከፍተዋለሁ።

ለራሴ የሚሆን ሳህን ይዤ እመጣለሁ። አፈር እዚያ አይጠፋም።

ለቢሻውም ይንገሩልኝ። ውሻውን እንደ ድሮው ይጥራ።

ልጅዎ ፈይዛ